ኩላሊት በድንገት ሲቆም፦ የትኛው እጥበት ለየትኛው በሽተኛ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነርስ ሆኖ መኖር ማለት በሩ ማታም የሚንኳኳበት ሰው መሆን ነው። ግፊቴን ለካልኝ፣ ይቺን ኪኒን እያትማ፣ ልጄን አተኮሰው። ለምጄዋለሁ። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት የመጣችው የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ግን ከበድ ያለ ጥያቄ ይዛ ነበር።

ወንድሟ ግንበኛ ነው። ቆላ ወርዶ ሲሠራ ከርሞ ወባ ይዞት ተመለሰ። "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" እያለ ሦስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። ሆስፒታል እንደደረሰ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። ሐኪሙ ለቤተሰቡ የነገራቸው ባጭሩ ይህን ነው፦ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፣ እጥበት ያስፈልገዋል፣ የደም ግፊቱ ግን በጣም ስለወረደ በተለመደው መንገድ ማጠብ ያስቸግራል።

"እጥበት ያው እጥበት አይደለም እንዴ?" አለችኝ። "የተለመደና ያልተለመደ አለው?"

አለው። ያን ምሽት ለእሷ፣ በማግስቱ ደግሞ ቡና አፍልተው ላስጠሩኝ እናቷ የነገርኩትን ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ይህ በየታክሲው ፎቶ የሚዞርለት የኩላሊት ሕመም ነው?

አይደለም። የኩላሊት ሕመምተኛ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለእጥበት የሚመላለስ፣ ለሕክምናው ገንዘብ የሚሰበሰብለት ሰው ነው። እሱ ስር የሰደደው ዓይነት ነው። በዓመታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በስኳር ወይም በደም ግፊት፣ ኩላሊት ቀስ እያለ ያልቃል። ያለቀው አይመለስም።

ድንገተኛው በሰዓታት ወይም በቀናት ይመጣል። ሐኪሞች በሁለት ነገር ያውቁታል። አንዱ ክሪያቲኒን ነው፤ ጡንቻ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ፣ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ከነበረበት አንድ ተኩል እጥፍ ከደረሰ፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል ይባላል። ሁለተኛው ሽንት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለስድስት ሰዓት ያህል የሚሸናው በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ምልክት ነው። 30 ሚሊ ሊትር ግማሽ የቡና ስኒ ገደማ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከኩላሊቱ ውጭ ነው። ኩላሊት ደም ይወዳል፤ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ደም ሲያጥረው ቶሎ ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ገብቶ በነበረ ጊዜ እንደታየው ዓይነት ከባድ ተቅማጥና ትውከት የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል። በወሊድ ጊዜ ደም በብዛት ሲፈስም እንደዚያው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲሰራጭም ግፊቱን ይጥለዋል። ከባድ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፣ ስስ የደም ስሮችንም ይዘጋል። ግድግዳ ተደርምሶበት ለሰዓታት የተቀበረ ሰው ደግሞ የተጨፈለቀው ጡንቻው የሚለቀው ነገር የኩላሊቱን ቱቦዎች ይደፍናል። በየቦታው ግንባታ ባለበት በእኛ ሰፈር ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

መድኃኒትም አለበት። ወገቤን አመመኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ ዳይክሎፊናክ የሚውጥ ሰው፣ በተለይ ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ፣ ኩላሊቱን አደጋ ላይ ይጥላል። መጠኑና ይዘቱ የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም እንደዚሁ።

ኩላሊት ስላቆመ ሰው ለምን ይሞታል?

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራል። ከዚያ ውስጥ 178ቱን መልሶ ይወስድና አንድ ሁለት ሊትር ሽንት ያወጣል። ይህ ሲቆም አደጋው ከአንድ በኩል አይመጣም።

ፈጣኑ ገዳይ ፖታሲየም ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ድንች ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ ለጤነኛ ሰው ጥሩ። በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን ከ3.5 እስከ 5 መሆን አለበት። ከ6.5 ሲያልፍ የልብ ምት ይዛባል፣ ልብ ሊቆምም ይችላል። ከሚሞቱት አንዳንዶቹ ሲያወሩ ቆይተው ነው ድርግም የሚሉት። ለዚህ ነው ሽንት ለቆመበት ሰው "ትንሽ ጉልበት ይሁነው" ተብሎ የብርቱካን ጭማቂ ከቤት መምጣት የሌለበት።

ሌላው ውሃ ነው። የማይወጣ ውሃ መጀመሪያ እግር ላይ፣ ከዚያ ሳንባ ላይ ያርፋል፤ በሽተኛው በደረቅ መሬት እየሰመጠ ያለ ያህል ትንፋሽ ያጥረዋል። ደሙም አሲድ እየሆነ ይሄዳል። ዩሪያና ሌሎች ቆሻሻዎች ሲከማቹ ደግሞ ሰው ይደነዝዛል፣ ይቃዣል፣ ልብን የሸፈነው ከረጢት ይቆጣል።

እጥበት ሲባል ምኑ ነው የሚታጠበው?

ግብጦ አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ይህ ክፍል አይከብዳችሁም። ግብጦ መራራ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። መራራው ከፍሬው ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃው ራሱ ሲመር ማውጣቱ ይቆማል፤ ይደፋና አዲስ ይቀየራል። ቀናት ይፈጃል፤ በመጨረሻ ፍሬው ይጣፍጣል።

እጥበት ማለት ይኸው ነው። ደም በአንድ ወገን፣ ንጹህ ፈሳሽ በሌላው ወገን፣ መሀል ላይ ስስ ሽፋን። ቆሻሻው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሻገራል። ሽፋኑ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ የደም ሴሎችና ፕሮቲን አያልፉም። ፈሳሹ ያለማቋረጥ ይቀየራል። አንዳንዱ ዘዴ ደግሞ ጠጅ በጨርቅ ሲጠለል እንደሚሆነው፣ ውሃውን በግፊት እየገፋ ቆሻሻውን አብሮ ያወጣል።

ይህን በሰው ላይ ያሠራው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ነው፤ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በጀርመን ተይዛ ሳለ። ሽፋን አድርጎ የተጠቀመው የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፌን ነበር። የመጀመሪያዎቹ 16 በሽተኞች ከአንዱ በቀር ሞቱ፤ እሱም በእጥበቱ ነው የዳነው አይባልም። በ1945 እ.ኤ.አ. ግን 17ኛዋ፣ ራሷን ስታ የገባች የ67 ዓመት ሴት፣ ነቃች። የእሷ ሕመም ድንገተኛው ዓይነት ነበር። እጥበት የተፈጠረው ለዕድሜ ልክ ሳይሆን እንደ ጎረቤቴ ወንድም ላሉ ሰዎች፣ ኩላሊቱ እስኪያገግም ቀን ለመግዛት ነበር ማለት ነው። የዕድሜ ልኩ በኋላ የመጣ ነው።

የተለመደው እጥበት ለምን አስቸገረ?

የተለመደው የምንለው በአራት ሰዓት ገደማ የሚያልቀውን የደም እጥበት ነው። ለድንገተኛ በሽተኛ በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ትልቅ ደም ስር ውስጥ ወፍራም ቱቦ ይገባል፤ ካቴተር ይሉታል። ማሽኑ በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም እያወጣ በማጣሪያ ያሳልፍና ይመልሳል። በሽፋኑ ማዶ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይፈሳል። ቁጥሩን ብታባዙት በአራት ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም። ያውም እንዲሁ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ በልዩ ማጣሪያ የጠራ መሆን አለበት። መብራትም እንደዚያው መቋረጥ የለበትም።

ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ፖታሲየም 7 ደርሶ ልቡ ሊቆም ለሆነ ሰው እንደዚህ ቶሎ የሚያወርድ የለም። ሜታኖል የገባበት አረቄ ጠጥቶ ለተመረዘም ያው ነው።

ችግሩም ፍጥነቱ ነው። ሦስት ሊትር ትርፍ ውሃ ማውጣት ያስፈልጋል እንበል። በአራት ሰዓት ለመጨረስ በየሰዓቱ 750 ሚሊ ሊትር መሳብ ሊኖርበት ነው። ማሽኑ የሚስበው ደግሞ ከደም ስር ውስጥ ነው፤ እግር ላይና ሳንባ ላይ ያለው ውሃ ወደ ደም ስር ተመልሶ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በቀጭን ቧንቧ እየሞላ ሳለ በየፎቁ ያለው ሁሉ ቧንቧውን ቢከፍት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሮቶው ባዶ ይሆናል። በሰው ላይ ሲሆን ግፊት ወርዶ በሽተኛው ይዝለፈለፋል። ቀድሞውኑ ግፊቱን በመድኃኒት አስደግፎ የተኛ ሰው ከሆነ ልቡ ላይቋቋመው ይችላል። ሊያገግም የነበረው ኩላሊትም ደም አጥሮት እንደገና ይጎዳል።

ሁለተኛው አደጋ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደሙ ቶሎ ሲጸዳ አንጎል ውስጥ ያለው ዩሪያ እኩል አይወጣም። ያ የቀረው ውሃ ይስባል፤ ለንፍሮ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ አንጎል ያብጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው እጥበት ሆን ተብሎ አጭርና ለስላሳ ይደረጋል። ቤተሰብ "ሁለት ሰዓት ብቻ አጥበው ተዉት" ብሎ የሚቀየመው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ቀን ከሌት የሚሠራውስ?

ይህኛው በሕክምናው ሰፈር ሲአርአርቲ ይባላል። ያለማቋረጥ የሚሰጥ እጥበት ማለት ነው። መነሻው በ1977 እ.ኤ.አ. ጀርመን ጌቲንገን ውስጥ ፒተር ክራመር የሞከረው ዘዴ ነው። ያኔ ፓምፕ እንኳ አልነበረውም፤ ደሙን በማጣሪያው የሚገፋው የበሽተኛው የራሱ ልብ ነበር። ዛሬ ፓምፕ፣ ሚዛንና ማስጠንቀቂያ ያለው ማሽን ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያንኑ ሥራ በ24 ሰዓት ዘርግቶ መሥራት። ያ ሦስት ሊትር ውሃ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር እየሆነ ይወጣል። ሮቶው እየሞላ፣ ቧንቧው በቀስታ እየፈሰሰ። የኩላሊት ሕክምና መመሪያዎች ግፊቱ ለማይረጋ በሽተኛ ይህን ያስቀድማሉ። አንጎሉ ላበጠ ወይም ሊያብጥ ለሚችል ሰውም ይመክሩታል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ብሩን ብቻ ማለቴ አይደለም። መጠኑ በሰዓት በኪሎ ግራም ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው በቀን እስከ 36 ሊትር። ይህ ሁሉ በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ በከረጢት የሚመጣ ፈሳሽ ነው። ደም ቀኑን ሙሉ በፕላስቲክ ውስጥ ሲዞር ይረጋል፤ እንዳይረጋ ሄፓሪን ወይም ሲትሬት ይሰጣል። ሄፓሪን ደም ለሚፈሰው ሰው አደጋ አለው። ማጣሪያው ቢበዛ በ72 ሰዓት ይቀየራል፤ ከተደፈነ ደግሞ ቀድሞ። በሽተኛው ከአልጋ አይነሳም፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ የምንሰጠው አንቲባዮቲክም ከቆሻሻው ጋር ይታጠባል። አጠገቡ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ፣ ማሽኑን የሚያውቅ ነርስ ያስፈልጋል። ስለዚህ እጥበት ያለው ሆስፒታል ሁሉ ይህን አይሰጥም።

መሀለኛ መንገድ የለውም?

አለ፣ ብዙም አይወራለትም እንጂ። ስሌድ ይባላል። ማሽኑ ያው የተለመደው ነው፤ ግን ረጋ ተደርጎ፣ ከስድስት እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ደሙ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ፈሳሹም ከ100 እስከ 300 ይፈሳል። ያ ሦስት ሊትር በአሥር ሰዓት ሲወጣ በየሰዓቱ 300 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ ማሽን መግዛት የለ፣ በከረጢት የሚመጣ ፈሳሽ የለ። ሌሊት ታጥቦ ቀን ለምርመራ ወይም ለቀዶ ሕክምና ነፃ ይሆናል። የተለመደው ማሽን ብቻ ባለበት ሆስፒታል ለደከመ በሽተኛ ይህ ብልህ ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

የጎረቤቴ ወንድም ያገኘውም ይህንኑ ነው። ስምንት ስምንት ሰዓት፣ በየቀኑ።

በሆድ የሚሰጠው እውነት ይሠራል?

እናታቸው ይህን ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡ። "በሆድ? በሆድ ምን ሊታጠብ ልጄ?"

የሆድ ዕቃን የሸፈነ ስስ ሽፋን አለ፤ ፔሪቶኒየም ይባላል። ቢዘረጋ ስፋቱ ከቆዳችን ስፋት ጋር ይቀራረባል። በደም ስሮች የተሞላ ነው። ማለትም ማጣሪያው አብሮን ተወልዷል። ከእምብርት ዝቅ ብሎ ለስላሳ ቱቦ ይገባል። ለአዋቂ ሁለት ሊትር ገደማ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ይገባል፣ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ አዲስ ይተካል። የግብጦው ነገር ቁርጥ። ግሉኮሱ ደግሞ ትርፍ ውሃውን ወደራሱ ይስበዋል።

ማሽን የለም፣ የጠራ ውሃ በጀሪካን የለም፣ ደም ማቅጠኛ የለም፣ መብራት ቢጠፋም ይቀጥላል። ግፊትን አይጥልም ማለት ይቻላል። ደም ስራቸው ቀጭን ለሆነ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የተዘጋጀው ፈሳሽ ከጠፋ እንኳ ሆስፒታሉ በንጽህና በደም ስር በሚሰጠው ሪንገር ላክቴት ላይ ግሉኮስ ጨምሮ ሊያዘጋጀው እንደሚችል ዓለም አቀፉ መመሪያ ይፈቅዳል።

"የድሃ እጥበት" የሚል ስም ተሰጥቶት ቆይቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በ2002 እ.ኤ.አ. ከቬትናም የወጣ ጥናት ነው። በከባድ ወባና በሌላ ኢንፌክሽን ኩላሊታቸው የቆመ 70 ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። በሆድ ከታጠቡት 47 በመቶ፣ በደም ከተጣሩት 15 በመቶ ሞቱ። ከባድ ልዩነት ነው። ግን እዚያ ጥቅም ላይ የዋለው ቱቦ የማይተጣጠፍ፣ ፈሳሹም ዛሬ የማይመረጥ አሴቴት ያለበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተሻለ ቱቦና ፈሳሽ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ያን ያህል የሞት ልዩነት አልታየም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮቪድ ኒው ዮርክን ሲያጥለቀልቃትና የማሽኖቹ ፈሳሽ ሲያጥር፣ እዚያ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ ሆድ እጥበት ተመልሰዋል።

ለሁሉም ግን አይሆንም። በቅርቡ ሆዱን የተከፈተ ሰው አይችልም። ሆድ ሲሞላ ሳንባን ወደላይ ስለሚገፋ በመተንፈሻ መሣሪያ ላለ ሰው መጠንቀቅ ያሻል። ንጽህና ከጎደለ ሽፋኑ ይመረቅዛል። ፖታሲየሙ አሁኑኑ መውረድ ያለበት ሰው ደግሞ ደም እጥበት ቢያገኝ ይሻላል።

ታዲያ የትኛው ነው ጠንካራው?

ጎረቤቴ በሦስተኛው ቀን የጠየቀችኝ ይህን ነው። ሌላ ሆስፒታል ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ማሽን አለ ብለዋት መኪና ልትኮናተር ነበር።

በ2006 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሐኪሞች በ21 ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች 360 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በተለመደው፣ ግማሹን በማያቋርጠው አጠቡ። በ60 ቀን በተለመደው ከታጠቡት 32፣ በማያቋርጠው ከታጠቡት 33 በመቶ በሕይወት ነበሩ። አንድ! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነው። ያ ውጤት ግን የተገኘው የተለመደውን እጥበት በጥንቃቄ፣ ረዘምና ቀዝቀዝ አድርገው ስለሰጡ ጭምር ነው።

ስለዚህ "ጠንካራው" የሚባል የለም። ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ነው፦ ግፊቱ ምን ያህል ነው፣ አንጎሉ አብጧል ወይ፣ ደም ይፈሰዋል ወይ፣ ሆዱ ደህና ነው ወይ፣ ፖታሲየሙ ስንት ነው። በዚያ ላይ ደግሞ እዚህ ምን አለ፣ ማንስ ያውቅበታል። በደንብ የሚያውቁት ቀላል ማሽን፣ በወር አንዴ ከሚከፍቱት ውድ ማሽን ይበልጣል። ግፊቱ 70 የሆነን ሰው ከአቃቂ ጉለሌ በትራፊክ መሀል ማጓጓዝም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። አንዳንዴ ያስኬዳል፣ አንዳንዴ አያስኬድም፤ ያንን የሚያውቀው የያዘው ሐኪም ነው። መሄድ ግድ ከሆነም ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋና ማሽን መኖሩን በስልክ ሳያረጋግጡ መነሳት የለም። በአምቡላንስ ነው፤ ቀይ መስቀል በ907 ይደወላል።

ለምን ቶሎ አይጀምሩለትም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቁጣ አለበት። "ኩላሊቱ ቆሟል ብለውን ሁለት ቀን አስቀመጡት" የሚሉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ሐኪሞቹም ራሳቸው ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. በ15 አገሮች ከ2,900 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ውጤት ወጣ። ቶሎ እጥበት የጀመሩትና ምልክት እስኪመጣ የተጠበቁት በ90 ቀን እኩል ነው የሞቱት፤ ሁለቱም 44 በመቶ ገደማ። እንዲጠበቁ ከተደረጉት ከሦስቱ አንዱ በላይ ጭራሽ እጥበት አላስፈለጋቸውም። ቶሎ ከጀመሩትና ከተረፉት መካከል ደግሞ በ90 ቀን ከእጥበት ያልተላቀቁት በለጡ፤ አሥር በመቶ ለስድስት በመቶ።

ስለዚህ መጠበቅ ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። መጠበቅ የሌለበት ጊዜ ግን አለ፦ በመድኃኒት የማይወርድ ፖታሲየም፣ በሚያሸና መድኃኒት የማይወጣ የሳንባ ውሃ፣ ከባድ አሲድ፣ መቃዠት፣ በእጥበት የሚወጣ መርዝ። ሐኪሙን "ለምን አልጀመራችሁም?" ከማለት "ፖታሲየሙ ስንት ነው? ሳንባው እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። በሽተኛው የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ሳይደብቁ መንገርም ከምትገምቱት በላይ ይረዳል።

አንድ ነገር ደግሞ መከርኳት። ጠዋት ጠዋት ስትጠይቀው ነርሷን "ሽንቱ ስንት ሆነ?" በያት። ቁጥሩን ላኪልኝ።

እጥበት የገባ አይወጣም የሚባለውስ?

እናታቸው የፈሩት ይህን ነበር። "የኔን ይውሰዱለት" አሉኝ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። "ሁለት አለኝ፤ አንዱ ይበቃኛል።"

ንቅለ ተከላ በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሰጥቷል። ግን እሱ ኩላሊቱ ላይመለስ ለጠፋ ሰው ነው። በድንገተኛው ኩላሊቱ ገና የራሱ ተስፋ አለው። የሚጎዱት ብዙ ጊዜ የቱቦዎቹን ውስጥ የሸፈኑ ሴሎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደገና ያድጋሉ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እጥበቱ ኩላሊቱን አያድነውም፤ ሰውየውን እስከዚያ ያቆየዋል። ከሦስት ወር በኋላም እጥበት የሚያስፈልገው ከሆነ ያኔ ነው ስለ ዘላቂው የሚወራው።

እውነቱን ግን አልደበቅኳቸውም። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ እጥበት እስከሚያስፈልገው የደረሰ ሰው፣ ከላይ እንዳያችሁት፣ ከሁለት አንዱ ገደማ አይተርፍም። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ግን እጥበቱ አይደለም፤ ኩላሊቱን ያቆመው በሽታ ራሱ ነው።

የጎረቤቴ መልእክቶች፣ የቀን ሽንቱ በሚሊ ሊትር፣ አሁንም ስልኬ ላይ አሉ። 0። 0። 20። 0። 40። በዘጠነኛው ቀን 150። በአሥራ ሁለተኛው 900። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት 3200 ብላ ላከችና ወዲያው ደወለች። "በዛ እኮ! ምን ሆነ ደግሞ?"

ምንም አልሆነም። የሚያገግም ኩላሊት መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፤ ውሃ ቆጥቦ መልሶ መያዙን የሚያስታውሰው ቆይቶ ነው። በዚህ ሰሞን በሽተኛው የሚያጣው ውሃና ማዕድን ካልተተካለት ኩላሊቱ በድርቀት እንደገና ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ያን ሳምንት የሚለካው ሽንቱ ብቻ ሳይሆን የሚጠጣውም ነበር። ካቴተሩን ያወጡለት በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ሲወጣ ሁለት ነገር ጻፉለት፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ እንዳይውጥ፣ በሦስት ወሩ ደግሞ ለክሪያቲኒን ምርመራ ተመልሶ እንዲመጣ።